ትርፉ የባለቤቱ፣ ጉድለቱ የማን?

እ.ኤ.አ. በማርች 2015 በእንግሊዝ አገር ከ160 በላይ መደብሮችና 11 ሺሕ ያህል ሠራተኞች የነበሩት ቢኤችኤስ የተባለ የችርቻሮ ኩባንያ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ሻጩ ከዓመታት በፊት በችርቻሮ ንግድ ላበረከቱት አስተዋጽኦ የሰርነት ማዕረግ የተሰጣቸው ቢሊየነሩ ፊሊፕ ግሪን ናቸው። ገዥው ዶሚኒክ ቻፔል ችርቻሮን የማያውቅ፣ ከዚያ በፊትም በግሉ ኪሳራ የታወጀበት ሰው ነበር። በዓመቱ፣ በኤፕሪል 2016፣ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ኦገስት 28 ቀን የመጨረሻዎቹ መደብሮች በራቸውን ዘጉ። በ1928 ለንደን ብሪክስተን ሠፈር ሥራ የጀመረ፣ የእንግሊዝ ቤተሰብ ለሦስት ትውልድ መብራትና አንሶላ የገዛበት ድርጅት እንዲህ ሆኖ አለቀ። በጡረታ ፈንዱ ውስጥ የተገኘው ጉድለት 571 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር።

ንግድ ይከስራል። መክሰር ነውር አይደለም፤ ነውር ቢሆን ኖሮ ደፍሮ ሱቅ የሚከፍት አይኖርም ነበር። ቢኤችኤስም የወደቀው በአንድ ሰው ጥፋት ብቻ አይደለም። ርካሽ ልብስ የሚሸጡ ተፎካካሪዎች በአንድ በኩል፣ የኢንተርኔት ግብይት በሌላ በኩል ገበያውን ወስደውበታል፤ መደብሮቹም አርጅተው ነበር። ስለዚህ ባለቤቱን የምንጠይቀው «ለምን ከሰርክ?» ብለን አይደለም። ጥያቄው ገበያው በደራበት ዘመን ምን ያህል አወጣህ፣ ምን ያህልስ ተውክ፣ ስትወጣስ ለማን አስረክበህ ወጣህ የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በችርቻሮ ላይ የሚጠነክርበት ምክንያት አለ። ችርቻሮ በሰው ገንዘብ የሚኖር ንግድ ነው። አቅራቢው ዕቃውን በዱቤ ያስረክባል፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሠራተኛው ወሩን ሙሉ ሠርቶ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ይቀበላል፤ ከደመወዙ የተቆረጠው መዋጮ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ጡረታ ሆኖ እንዲመለስለት ይጠብቃል። የስጦታ ካርድ የገዛ ደንበኛ ዕቃውን ሳይወስድ ከፍሏል። ዕቃ የሚገዛው ሸማች ግን ካሽ መዝገቡ ላይ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል። በዚህ የተነሣ ትልቅ መደብር ውስጥ ሁልጊዜ ብዙ ገንዘብ ይዘዋወራል፤ አብዛኛው ግን የባለቤቱ አይደለም። ይህን የዘነጋ ባለቤት የሌሎችን አደራ እንደ ራሱ ትርፍ መቁጠር ይጀምራል።

ግሪን ኩባንያውን በ2000 የገዙት በ200 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከ2002 እስከ 2004 ባሉት ዓመታት ብቻ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የትርፍ ድርሻ ተከፈለ። የእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴዎች እንዳሠሉት ይህ ኩባንያው በነዚያ ዓመታት ከታክስ በኋላ ካገኘው ትርፍ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊዮን ፓውንድ ያህሉ ለግሪን ቤተሰብ ደርሷል። በተጨማሪም በ2001 አሥር የሚሆኑ የኩባንያው ሕንፃዎች ጀርዚ ደሴት ለተመዘገበ የቤተሰቡ ድርጅት በ106 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጡ፤ ቢኤችኤስም በገዛ መደብሮቹ ተከራይ ሆነ። በቀጣዮቹ ዓመታት የተከፈለው ኪራይ ከ150 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መሆኑ በፓርላማው ምርመራ ታይቷል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹመትን ብቻ ሳይሆን ይህን የባለቤትነት አያያዝም ይገልጸዋል።

ያ ሁሉ ገንዘብ ሲወጣ ጡረታው ምን ላይ ነበር? ግሪን ኩባንያውን ሲረከቡ ፈንዱ ጉድለት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ትርፍ ነበረው። ቀስ በቀስ ጎደለ። በ2012 የቀረበው ዕቅድ ጉድለቱን በ23 ዓመት ለመሙላት የሚያስብ ነበር። ይህን ቁጥር ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ዕድሜዋን በሙሉ ካሽ መዝገብ ላይ የቆመች የ55 ዓመት ሴት 23 ዓመት ጠብቂ ማለት ምን ማለት ነው? ኩባንያው ሲወድቅ ፈንዱ በሕግ ወደ ተቋቋመው የጡረታ ዋስትና ድርጅት ቢገባ፣ የጡረታ ዕድሜ ያልደረሱት ሠራተኞች ከሚገባቸው ላይ ቢያንስ አሥር በመቶ ማጣታቸው ነበር።

ለግሪን የሚከራከሩ ሰዎች የሚያነሡት ነገር አለ፤ እሱንም ማድመጥ ይገባል። የትርፍ ድርሻው የተከፈለው ከውድቀቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሕጉ መሠረት ነው። ሰውየው ለኩባንያው ያበደሩትን ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሽያጩ ጊዜ ሰርዘዋል። ይህ እውነት ነው። ሕግን ካየን ደግሞ በ1896 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የጫማ ሠሪውን የአሮን ሰሎሞንን ጉዳይ ሲወስን፣ ኩባንያ ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው፣ የኩባንያው ዕዳም የባለቤቱ ዕዳ አይደለም ብሏል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» ኩባንያ ሁሉ ቆሞ የሚሄደው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

እኔ ይህን ሐሳብ እደግፋለሁ። ቤቱንና የልጆቹን ትምህርት ሳያጣ ሰው ገንዘቡን ለንግድ እንዲያወጣ ያደፋፈረው እሱ ነው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ የተሰጠው ካፒታሉን ንግዱ ውስጥ ትቶ ከንግዱ ጋር አብሮ ለሚጎዳ ሰው ነው። ካፒታሉን በደጉ ዘመን አውጥቶ፣ በክፉው ዘመን በአንድ ፓውንድ ለማያውቅ ሰው አስረክቦ የሚወጣ ባለቤት ያጣው ነገር የለም። ያጣው ሠራተኛው ነው፤ ያጣው በዱቤ ያስረከበው አቅራቢ ነው። ግሪን የሰረዙት ብድርም ቢሆን በደጉ ዘመን ከወጣው ጋር ሲተያይ ሚዛኑን አይለውጠውም። ሕጉ ይህን ሁሉ ፈቅዶ ይሆናል። ሕግ የፈቀደውን ያደረገ ሰው ከእስር ይድናል እንጂ ከተጠያቂነት አይድንም።

የእንግሊዝ ሕዝብም በዚያ መንገድ ነው የፈረደው። በፍራንክ ፊልድና በኢያን ራይት የሚመሩ ሁለት የፓርላማ ኮሚቴዎች በጁላይ 2016 ከባድ ሪፖርት አወጡ። በኦክቶበር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግሪን የሰርነት ማዕረግ እንዲነሣ ያለ ተቃውሞ ድምፅ ሰጠ፤ ማዕረጉ ግን አልተነሣም። በፌብሩዋሪ 2017 ግሪን ለጡረታ ፈንዱ እስከ 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። ገንዘቡ የመጣው ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይሆን ከጡረታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ግፊትና ከሕዝብ ትችት ነው። ኮሚቴና ጋዜጣ ባይጮህ ኖሮ 19 ሺሕ ያህሉ የፈንዱ አባላት ምን ያገኙ ነበር?

ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ። የኩባንያውን ሒሳብ የመረመረው ፕራይስዋተርሃውስኩፐርስ 6.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ቻፔል በታክስ ማጭበርበር በ2020 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። በ2024 ደግሞ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኩባንያው መዳን እንደማይችል እየታወቀ ንግዱን የቀጠሉ የቻፔል ዘመን ዳይሬክተሮች በግላቸው እንዲከፍሉ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ለቦርድ አባላት ሁሉ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ኩባንያ ወደ ውድቀት ሲቃረብ ዳይሬክተሩ ማሰብ ያለበት ለባለአክሲዮኑ ብቻ አይደለም፤ ገንዘባቸው እዚያ ውስጥ ለቀረባቸው ጭምር ነው። ፊርማ ብቻ የሚያኖር የቦርድ አባል ከእንግዲህ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

በአሜሪካ የታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቶይስ አር አስ የተባለውን የመጫወቻ ዕቃ መደብር ኬኬአር፣ ቤይንና ቮርናዶ የተባሉ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች በ2005 ሲገዙት የግዢውን ዕዳ ያሸከሙት ራሱን ኩባንያውን ነበር። ለዕዳው በየዓመቱ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል እየከፈለ መደብሩን ማደስ አልቻለም። በ2018 ሲዘጋ ከ30 ሺሕ በላይ ሠራተኞች ያለ ስንብት ክፍያ ተበተኑ። ሠራተኞቹ ተደራጅተው ጮኹ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ኬኬአርና ቤይን 20 ሚሊዮን ዶላር የድጎማ ፈንድ አቋቋሙ። ሕግ አላስገደዳቸውም። ለአንድ ሠራተኛ ሲካፈል ከአንድ ወር አስቤዛ ብዙም አያልፍም፤ ቢሆንም ዕዳ እንዳለባቸው ማመናቸው ነበር።

ይህ ጉዳይ እኛንም ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብት ከፍታለች። ሰንሰለታማ መደብሮች በብዛት ሲመጡ፣ ከውጭ የሚገዟቸውና የሚሸጧቸው ባለቤቶችም አብረው ይመጣሉ። የእኛ ሕግ በአንዳንድ በኩል ይሻላል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከድርጅቱ ውጭ በመንግሥት አስተዳደር ሥር ነው፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ድርጅቱ ቢወድቅ ፈንዱ አብሮ አይወድቅም። አደጋው ያለው አሠሪው ከደመወዝ ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ሲቀር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ድርጅት በኪሳራ ሲዘጋ የስንብት ክፍያ እንዲከፈል ያዛል፤ የሠራተኛ ክፍያም ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው ይላል። ቅድሚያ ግን የሚጠቅመው የሚከፈል ነገር ሲቀር ነው። ሕንፃው ቀድሞ ለዘመድ ድርጅት ተሸጦ፣ ትርፉ ቀድሞ ተከፋፍሎ ካለቀ፣ ሠራተኛው የመጀመሪያ ተሰላፊ ቢሆንም ሣጥኑ ባዶ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጡትና የሚቆጣጠሩት መሥሪያ ቤቶች አንድ ትልቅ የችርቻሮ ድርጅት ባለቤት ሲለወጥ ገዥው ማን እንደሆነ፣ ድርጅቱ ለሠራተኛና ለአቅራቢ ያለበት ዕዳ ስንት እንደሆነ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል። ሕንፃ ለቤተሰብ ኩባንያ ሸጦ መልሶ መከራየትም በኦዲት ሪፖርቱ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። ባለቤቶችንም እለምናለሁ፦ ዘንድሮ የትርፍ ድርሻ ለመከፋፈል ከመፈረማችሁ በፊት የአቅራቢዎቻችሁን ያልተከፈለ ሒሳብና የሠራተኞቻችሁን የጡረታ መዋጮ ደረሰኝ አስመጡና ተመልከቱ። የጎደለ ካለ መጀመሪያ እሱን ክፈሉ።