ቅንፍ መፍታት፦ የአልጀብራ ስያሜዎችና የፖሊኖሚያል ብዜት

አልጀብራ የሚለው ስያሜ በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሊቅ አል-ኽዋሪዝሚ በዐረብኛ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ የመጣ ሲሆን፣ «አል-ጀብር» የተጓደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው፤ በስፔን ከዚሁ ቃል የወጣው «አልጀብሪስታ» የወጌሻ መጠሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የዘርፉ መነሻ ስያሜዎች ጥቂት ናቸው። ቁጥርን ወክሎ የሚቆም ፊደል ተለዋዋጭ ይባላል፤ በ5ሀ² ውስጥ ሀ ተለዋዋጭ፣ ከፊቱ የቆመው 5 ኮፊሸንት፣ ከበላይ የተጻፈው 2 ደግሞ ሀ በብዜቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ የሚያመለክት አርቢ ሲሆን፣ ሦስቱ ተጣምረው አንድ ቁም ይሆናሉ። አርቢዎቻቸው አሉታዊ ያልሆኑ ሙሉ ቁጥሮች የሆኑ ቁሞች በመደመርና በመቀነስ ሲያያዙ ፖሊኖሚያል ይባላሉ።

በቅንፍ የታሰሩ ሁለት ፖሊኖሚያሎችን ማባዛት የአንደኛውን እያንዳንዱን ቁም በሁለተኛው እያንዳንዱ ቁም አባዝቶ ውጤቶቹን መደመር ነው። ሕጉ እንግዳ አይደለም፤ 23ን በ14 የሚያባዛ ልጅ 20ንና 3ን ለየብቻ በ10 እና በ4 አባዝቶ 200፣ 80፣ 30 እና 12ን ሲደምር 322 የሚያገኘው በዚሁ ሕግ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት (ሀ + 5)² ላይ ደርሰው ሀ² + 25 ብለው ሲጽፉ ነው። ስሕተቱ በሥዕል ወዲያው ይታያል፦ ጎኑ ሀ + 5 የሆነ ካሬ ሲሸነሸን በአንድ ጥግ ስፋቱ ሀ² የሆነ ካሬ፣ በተቃራኒው ጥግ ስፋቱ 25 የሆነ ትንሽ ካሬ፣ በመካከላቸውም ስፋታቸው 5ሀ፣ 5ሀ የሆነ ሁለት አራት ማዕዘኖች ይገኛሉ፤ እነዚህን ሁለቱን የዘነጋ ሰው መሬቱን ለክቶ አልጨረሰም። ተለዋዋጫቸውና አርቢያቸው አንድ የሆነ ቁሞች ተመሳሳይ ስለሚባሉና ስለሚደመሩ፣ ትክክለኛው መልስ ሀ² + 10ሀ + 25 ነው።

አል-ኽዋሪዝሚ ሀ² + 10ሀ = 39 የሚለውን እኩልታ የፈታው ይህንኑ ካሬ በመሙላት ነበር፤ የጎደለውን ጥግ፣ ማለትም 25ን፣ ሲጨምርበት ጠቅላላው 64፣ ጎኑ 8፣ ሀ ደግሞ 3 ይሆናል። ይህን ሁሉ ያለ አንዳች ምልክት፣ በቃላት ብቻ መጻፉ ይበልጥ ያስደንቃል።

የሁለቱ ቅንፎች ቁሞች አንድ ሆነው በመካከላቸው ያለው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ብቻ ሲለያይ ደግሞ፣ በብዜቱ መካከለኞቹ ቁሞች ይጣፋሉ፤ (ሀ − 3)(ሀ + 3) ሀ² − 9 ብቻ ስለሚሆን፣ 97ን በ103 ማባዛት ከ10,000 ላይ 9ን ቀንሶ 9,991 እንደ ማለት ይቀላል።