ቢጫው ሽሮፕና የነጣው ምላስ

ቡናው ሲቀዳ እንደ ወትሮው ይሸታል፤ ሲጠጡት ግን ጣዕም የለውም። አፍ ጥጥ የጎረሰ ይመስላል። በርበሬ የነካው ወጥ ሁሉ ያቃጥላል። በመስታወት ሲታይ ደግሞ ምላስና የጉንጭ ውስጠኛው ክፍል ላይ እርጎ የተረጨ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፏል። እንዲህ ያለውን «ምች ነው» ብሎ የሚያልፍ ብዙ ነው፤ መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ «እንጥል ወርዶ ነው» የሚል አይጠፋም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ግን ስሙ ሌላ ነው፦ የአፍ ፈንገስ፣ በሕክምና ቋንቋ ካንዲዳ።

ካንዲዳ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍ ውስጥ ማንንም ሳያስቸግር ይኖራል። ምራቅ ያጥበዋል፣ ባክቴሪያዎች ቦታ ይሻሙታል፣ የሰውነት መከላከያም ይጠብቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል ግን ቤቱን ያሰፋል። የስኳር ሕመም ካልተቆጣጠሩት ምራቅን ያጣፍጥለታል። የካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሴሎችን ያመናምናል፣ አፍንም ያደርቃል። አንቲባዮቲክ ሲደጋገም ተቀናቃኞቹን ባክቴሪያዎች ይጠርግለታል። ሌሊት ሳይወልቅ የሚያድር ሰው ሠራሽ ጥርስም ከሥሩ ሞቃትና እርጥብ መደበቂያ ያዘጋጅለታል። ስለዚህ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው አፉ ሲነጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ልቀባው?» ሳይሆን «ምን ተለወጠ?» ነው።

የነጣ ምላስ ግን ሌላም ታሪክ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1981 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ አጭር የጤና ሪፖርት ሎስ አንጀለስ ላይ ባልተለመደ የሳንባ ምች ስለታመሙ አምስት ወጣቶች ይናገራል። ስለ ኤድስ የተጻፈ የመጀመሪያው ሪፖርት ያ ነበር፤ አምስቱም ሰዎች ካንዲዳ ነበረባቸው። በኢትዮጵያም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ምላሱ የነጣ ሕመምተኛ በሹክሹክታ ይታማ ነበር። ያ ጥርጣሬ ዛሬም ጨርሶ አልሞተም፤ የስኳርና የአስም ሕመምተኞችን ሳይቀር አፋቸውን ሸፍነው እንዲቀመጡ ያደርጋል። እርግጥ ምክንያቱ ባልታወቀ ሰው ላይ ሲታይ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው። ከጎረቤት ግምት ምርመራው ይሻላል።

ከመድኃኒቶቹ በብዙ ቤት የሚገባው ናይስታቲን የሚባለው ቢጫ ሽሮፕ ነው። ያገኙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ኤሊዛቤት ሄዘን የረቂቅ ሕዋሳት ተመራማሪ ስትሆን የምትሠራው ኒው ዮርክ ከተማ ነበር፤ ኬሚስቷ ሬቸል ብራውን ደግሞ በዚያው ግዛት ኦልባኒ ውስጥ ነበረች። የአፈር ናሙናና ውጤት በፖስታ እየተላላኩ ሠሩ። የፈለጉት ፈንገስ ገዳይ በመጨረሻ የተገኘው ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ የሄዘን ወዳጆች እርሻ በመጣ አፈር ውስጥ ነው። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉ፤ ስሙንም ከኒው ዮርክ ግዛት ስም አወጡለት። ከፈጠራ መብቱ የተገኘው ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሳይንስ ምርምር ሲውል እነሱ ለራሳቸው አንድም አላስቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1966 ፍሎረንስን ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ፣ በሥዕሎች ላይ የወጣውን ሻጋታ ለመግታትም ይኸው መድኃኒት ተረጭቷል።

ሥዕል ምራቅ አይውጥም። የሰው አፍ ግን ይውጣል፤ ብዙው ሕክምና የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ናይስታቲን የፈንገሱን ሽፋን ቀዳዶ ውስጡን በማፍሰስ ይገድላል እንጂ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም። የሚሠራው በነካው ቦታ ብቻ ነው። እንደ ሳል ሽሮፕ ቶሎ ውጦ ሻይ የሚያስከትል ሰው መድኃኒቱን ወደ ሆዱ ሸኝቶ ፈንገሱን አፉ ውስጥ ትቶታል ማለት ነው። አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦ ጠርሙሱ በደንብ ይናጣል፤ ሐኪም ያዘዘው መጠን ተለክቶ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ጉንጭ ይያዛል፤ በአፍ ውስጥ እየተንከባለለ የቻሉትን ያህል ከቆየ በኋላ ይዋጣል። ብዙውን ጊዜ በቀን አራት ጊዜ ይታዘዛል። ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ፣ ከዚያም ሊተኙ ሲሉ ቢሆን ይመቻል፤ ከተወሰደ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ነጩ ነገር ስለጠፋ አይቆምም፤ ቢያንስ ሌላ 48 ሰዓት ይቀጥላል። ብዙዎቹ የናይስታቲን ሽሮፖች ስኳር ስላለባቸው የስኳር ሕመምተኛ ፋርማሲስቱን አስቀድሞ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ የለበትም፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል።

የአስም ሕመምተኛ መላ ከሁሉ ይቀላል፤ ከሁሉ የሚረሳውም እሱ ነው። ጥፋቱ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየቀኑ የሚሳበው ስቴሮይድ ፓፍ እንጂ ሲያፍን ብቻ የሚወሰደው ሳልቡታሞል አይደለም። ከሚረጨው ብዙው ሳንባ ሳይደርስ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከእያንዳንዱ አወሳሰድ በኋላ በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት ይበቃል። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው ስፔሰርም አፍ ላይ የሚቀረውን ይቀንሳል። እሱ ከጠፋ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ አለ፤ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና ዙሪያው ይደፈናል። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ አስም በተነሳባቸው ሕፃናት ላይ የአየር ቧንቧን የሚከፍት መድኃኒት ለማድረስ በዚህ መንገድ የተሠራ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር እንደማያንስ አሳይቷል።

ወደ ወጥ ቤት ስንመጣ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ለጊዜው ይረፉ። ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ አልጫ፣ የተፈጨ ድንች ይወርዳል። ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ማን እንደሚመገብ መናገር አያስፈልግም። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ያሳርፋል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ነጩን በጨርቅ ፈትጎ ማንሳት ሥሩ ያለውን ቀይ ሥጋ ያደማል፤ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ መቀባት ደግሞ የቆሰለውን ያቃጥላል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሻላል፤ ሕክምናው ሲያልቅ ብሩሹ ይለወጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ ይቦረሽና በንጹሕ ውኃ ውስጥ ያድራል፤ እሱ ሳይጸዳ አፍን ብቻ ማከም ፈንገሱን ጠዋት ጠዋት መልሶ ማስገባት ነው።

ሽሮፑ ካልበቃ ሐኪም ፍሉኮናዞል የሚባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ይህን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ አደጋ አለው፤ ደም ከሚያቀጥነው ዋርፋሪንና ከአንዳንድ የስኳር እንክብሎች ጋር ይጋጫል፣ ነፍሰ ጡርም ያለ ሐኪም ምክር አትወስደውም።

ምግብ ሲዋጥ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚያም ከሆነ ፈንገሱ ወደ ምግብ ቱቦ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሽሮፕ አይደርስበትም። ትኩሳት ከታከለበት፣ ውኃ እንኳ መጠጣት ካቃተ፣ ወይም ሕመምተኛው የካንሰር ሕክምና ላይ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሲነካካ የማይነሳና ሁለት ሳምንት ያለፈው ነጭ ምልክት ደግሞ ጭራሽ ካንዲዳ ላይሆን ይችላል፤ በተለይ የሚያጨስ ሰው አፍ ውስጥ ከታየ የጥርስ ሐኪም ሊያየው ይገባል።