ሰመመን ሰጪው ሐኪም ለምን ይጠፋል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007፣ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ አንድ የ12 ዓመት ልጅ፣ ከጥርሱ የጀመረ ኢንፌክሽን ወደ አንጎሉ ዘልቆ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሜሪላንድ ለጥርስ ሐኪሞች የምትከፍለውን ከፍ አደረገች፤ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የጤና መድን፣ የሚቀበል የጥርስ ሐኪም እንደ ድሮው ብርቅ አይደለም። አሁን የሚቸግረው ማደንዘዣው ነው። ስምንት ጥርሱ የተበላ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ወይም ኦቲዝም ያለባት ልጅ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ ሰመመን ወንበር ላይ ተቀምጠው አይታከሙም።

በሕጉ በኩል ክፍተት የለም። በ1967 ሜዲኬይድ ላይ የተጨመረውና በ1989 የጠበቀው ድንጋጌ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ተጠቃሚ አስፈላጊ የሆነ ሕክምና ሁሉ፣ ጥርስን ጨምሮ፣ እንዲሸፈን ያስገድዳል። የማያስገድደው ሐኪሙን ነው።

የሰመመን ክፍያ ሲሰላ ለሥራው ክብደት የተሰጠው ነጥብና በየ15 ደቂቃው የሚቆጠረው ጊዜ ተደምሮ በአንድ ተመን ይባዛል። ጣጣው ተመኑ ላይ ነው። የአረጋውያኑ ሜዲኬር እንኳ የግል ኢንሹራንስ ከሚከፍለው አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ እንደሚከፍል የኮንግረሱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2007 ገልጿል፤ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሜዲኬይድ ከዚያም ያንሳል። ልዩነቱን ወላጅን ማስከፈል ክልክል ነው፣ መከልከሉም ተገቢ ነው፤ ግን ሒሳቡ ያላዋጣው ሐኪም የሜዲኬይድ ካርዱን አልቀበልም ይላል። አገልግሎት ሰጪዎች ክፍያው ይሻሻል ብለው እንዳይከሱም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 መንገዱን ዘጋ።

በዚያ ላይ ከፋዩ ሁለት ነው። ጥርሱን የጥርስ ፕላኑ፣ ሰመመኑንና ቀዶ ሕክምና ክፍሉን ብዙውን ጊዜ የጤና ፕላኑ ይከፍላል። አንዱ ወደ ሌላው ይመራል፤ ወላጅ ስልክ ይዞ ይውላል።

ለእኔ፣ ወላጅ የሰመመን ሐኪም ፍለጋውን የሚጀምረው ከማይሆን ቦታ ነው። የሕፃናት ሰመመን ሐኪም፣ የአራት ዓመት ስፔሻሊቲና የአንድ ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና ያለፈ ሰው፣ በአብዛኛው የሚሠራው በሕፃናት ሆስፒታል ነው፤ ወላጅ መርጦ አይቀጥረውም። መፈለግ ያለበት ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነው፦ የጥርስ ሐኪሙ የትኛው ሆስፒታል ውስጥ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል? ሆስፒታሉ ካርዱን ቢቀበልም የሰመመን ቡድኑ ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላልና እሱም ለብቻው ይጠየቅ።

በፕላኑ መረብ ውስጥ ሐኪም ካልተገኘ፣ ከመረቡ ውጭ ላለው መክፈል የፕላኑ ግዴታ ነው። እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ ይስጥ፤ ይግባኝ የሚባለው በዚያ ወረቀት ነው። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማግኘትም መብት ነው፤ ስለ ማደንዘዣ አደጋ ለእናቷ እንድታስተረጉም የታካሚውን ሕፃን የ10 ዓመት እህት መጥራት አያስፈልግም።