የብረት ዱቄት ቅንጣት መጠኑ ስንት ነው?

ሊፕ በተባለው የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚገኘው የነዳጅ መርጫ ኖዝል ጫፍ በቀድሞው አሠራር ቢሆን ኖሮ 20 ያህል ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ነበር። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ2016 አገልግሎት መስጠት ሲጀምር ግን ይህ ክፍል ከኮባልትና ክሮሚየም ቅይጥ ዱቄት፣ በሌዘር እየቀለጠ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የታተመ ነበር።

በዚህ የሕትመት ዘዴ ማሽኑ ውፍረቱ በጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች የሚለካ የዱቄት ንጣፍ ይዘረጋል፤ ሌዘሩ በተፈለገው ቅርጽ ያቀልጠዋል፤ በላዩ ሌላ ንጣፍ ይደረባል። የሚመረጠው ዱቄት በአብዛኛው ከ15 እስከ 45 ማይክሮሜትር ነው። ከዚህ የገዘፉ ቅንጣቶች ንጣፉን ያበላሻሉ። እጅግ የደቀቁት ደግሞ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ከክብደታቸው ስለሚበልጥ ይጓጉላሉ እንጂ እንደ ልብ አይፈስሱም። ንጣፉ ባልተስተካከለበት ስፍራ በብረቱ ውስጥ ባዶ ቀዳዳ ሊቀር ይችላል፤ ተደጋጋሚ ጭነት የሚሸከም አካል መሰንጠቅ የሚጀምረውም ብዙውን ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ ነው።

እንግዲህ መጠኑን እንለካ። ቅንጣቱ ፍጹም ሉል ቢሆን ዲያሜትሩ ብቻ በበቃን ነበር። ድንች የሚመስል ቅንጣት ግን አንድ ዲያሜትር የለውም፤ እያንዳንዱ መሣሪያም የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ነው። ርዝመቱ 80፣ ውፍረቱ 40 ማይክሮሜትር የሆነ ቅንጣት ቀጥ ብሎ ከቆመ ባለ 45 ማይክሮሜትር የወንፊት ዓይን ያልፋል። ያንኑ ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ተጋድሞ ያየ ሰው 80 ብሎ ቢመዘግብ አልተሳሳተም።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የሌዘር ዲፍራክሽን ነው። ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ብርሃኑን ወደ ሰፊ ማዕዘን ይበትናል። የመጀመሪያው ጨለማ ቀለበት የሚታይበት ማዕዘን ሳይን 1.22 ሲባዛ በሞገድ ርዝመት፣ ሲካፈል ለዲያሜትር ነው። የሞገድ ርዝመቱ 633 ናኖሜትር በሆነ ቀይ ሌዘር ስናሰላው ለ45 ማይክሮሜትር ቅንጣት 1 ዲግሪ ገደማ፣ ለ15 ማይክሮሜትር 3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ተማሪዎች በወረቀት ላይ ቢሞክሩት ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ መሣሪያው አንዱንም ቅንጣት ነጥሎ አያይም። የሚቀበለው የብዙ ሺህ ቅንጣቶችን ድምር ብርሃን ነው፤ ከዚያም «ይህን ብርሃን የሚሰጠው የትኛው የሉሎች ድብልቅ ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ያሰላል። ሉልነቱ የተለካ ሳይሆን የታሰበ ነው።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ዲያሜትሩ 50 ማይክሮሜትር የሆነ አንድ ሉል፣ ዲያሜትራቸው 5 ማይክሮሜትር ከሆነ 1000 ሉሎች ጋር እኩል ይዘት አለው። ሁለቱን ብንቀላቅል በቆጠራ ከ99.9 በመቶ በላይ ደቃቅ ነው፤ በይዘት ግን ግማሹ ብቻ። የሌዘር መሣሪያ ውጤቱን በይዘት ይዘግባል፤ በምስል የሚቆጥር መሣሪያ ደግሞ በቁጥር ሊዘግብ ይችላል። ስለዚህ ዘዴውንና የአቆጣጠሩን መሠረት ያልገለጸ ዘገባ፣ አኃዙ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ ለእኛ ጎደሎ ነው።

ከመሣሪያው በፊትም ናሙናው አለ። ዱቄቱ በጉዞ ሲናጥ ደቃቁ በትልልቆቹ መካከል እየሾለከ ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል። ከዕቃው አፍ በማንኪያ የተጨለፈ ጥቂት ግራም የሚነግረን ስለ ላይኛው ዱቄት ብቻ ነው፤ ስለሆነም አስቀድሞ ዕቃውን እያገላበጡ ማደባለቅና ናሙናውን ከተለያየ ጥልቀት መውሰድ ያስፈልጋል።