ጉዳዩ የሚያልቅበት ክፍል፦ ሴቶች በደህንነትና በውጭ ጉዳይ አመራር

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን አባባል ከትልልቆቹ ያልሰማ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ለማስተርሴ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሳጠና ግን አባባሉ የእኛ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ አንቶኒዮ ጉተሬዝ ድረስ ዘጠኝ ዋና ጸሐፊዎች ተሹመዋል፤ ዘጠኙም ወንዶች ናቸው። ሴቶች ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ጉዳዩ የሚያልቅበት ክፍል ውስጥ ስለማይገኙ ነው።

ይህን ለመለወጥ የጸጥታው ምክር ቤት በኦክቶበር 31 ቀን 2000 ውሳኔ ቁጥር 1325ን አጸደቀ። ውሳኔው መንግሥታት ሴቶችን በግጭት መከላከል፣ በሰላም ድርድርና በውሳኔ ሰጪነት እንዲያሳትፉ ይጠይቃል። እስራኤልም በ2005 የሴቶች እኩል መብት ሕጓን አሻሽላ፣ ብሔራዊ ፖሊሲ የሚቀርጹ ቡድኖች፣ የሰላም ተደራዳሪዎችም ጭምር፣ ተገቢ የሴቶች ውክልና እንዲኖራቸው አዘዘች። እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ደግሞ ሕጉ ከተለያዩ የሕዝብ ክፍሎች የመጡ ሴቶች ማለቱ ነው። እኛም ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ነን።

ታዲያ ሕጉ ካለ፣ ሴቶቹ ለምን ጥቂት ሆኑ? አንደኛ፣ «ተገቢ» የሚለው ቃል ቁጥር የለውም። ሁለተኛ፣ እዚህ አገር ወደ ደህንነት አመራር የሚወስደው መንገድ በአብዛኛው በጻሃል በኩል ያልፋል፤ የውጊያ ክፍሎች ደግሞ ለሴቶች ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበሩ። አሊስ ሚለር ለአብራሪነት ለመፈተን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ የረታችው በ1995 ነው። የመጀመሪያዋ ሴት አሉፍ፣ ኦርና ባርቢቫይ፣ የተሾሙት በ2011 ነው። ዛሬ ከላይ የሚቀመጠው ከብዙ ዓመት በፊት ከታች የጀመረ ስለሆነ፣ የትናንቱ ክልከላ የዛሬውን ክፍል ይወስናል።

የአምባሳደር በላይነሽ ዘቫድያ መንገድም ይህንኑ ያሳያል። በ1984 ከኢትዮጵያ መጡ፣ በ1993 ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ፣ በ2012 በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ኢትዮጵያ ተወልዶ የእስራኤል አምባሳደር የሆነ ሰው ከሳቸው በፊት አልነበረም፤ ወንድም ቢሆን።

ሴት ስለሆነች ብቻ አንዲት መሪ ሰላም ታመጣለች አልልም። ጎልዳ ሜየር ከ1969 እስከ 1974 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ጦርነትም መርተዋል። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። ልጅ አዝለው በሱዳን በኩል የመጡ እናቶቻችን ስለ ድንበር፣ ስለ ስደተኛ መጠለያ፣ ስለ ውሃና ስለ በሽታ የሚያውቁት ነገር ራሱ የደህንነት እውቀት ነው። ክፍሉ ውስጥ ይህን አስታውሶ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ግን ጥያቄው ሳይነሳ ይቀራል።

ስለዚህ ባግሩት የምትፈተኚ ወይም ጊዩስ የምትጠብቂ እህቴ፣ ወዴት ክፍል እንደምትመደቢ ዝም ብለሽ አትጠብቂ፤ ጠይቂ። ዲግሪሽን ስትይዢ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የጾዓሪም ኮርስ አስቢው። ከበላይነሽ መግባት እስከ ሹመታቸው 19 ዓመት ፈጅቷል። ያንቺም ቆጠራ የሚጀምረው ከገባሽበት ቀን ነው።