«እንዴት አገኘሽው?»፦ የሒሳብ አስጠኚ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ማስታወቂያውን ሳያይ አያልፍም። የመብራት ምሰሶ ላይ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ የኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ተለጥፏል፦ «ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል ቤት ለቤት እናስጠናለን»። ከሥሩ ስልክ ቁጥሩ እየተደጋገመ ተጽፎ፣ ለመቅደድ እንዲመች በመቀስ ተሰነጣጥቋል። ግማሹ ተቀዶ ተወስዷል።

ቁራጩን ይዞ የሚደውለው ወላጅ አስቀድሞ የሚያነሳው የትምህርት ዓይነት ብዙውን ጊዜ ሒሳብ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በጉንፋን ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ በሌላ ትምህርት ያመለጠውን ምዕራፍ ዘሎ ቀጣዩን ማንበብ ይችላል፤ ሒሳብ ግን እንዲህ አይምርም። የአሥር ቤትንና የመቶ ቤትን ነገር በወጉ ያልያዘ ልጅ መቀነስ ያቅተዋል፤ መቀነስ ያቃተው ማካፈል ላይ ይቸገራል፤ ማካፈል የከበደው ደግሞ ክፍልፋይ ሲመጣ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ወላጅ ችግሩን የሚያየው በ5ኛ ክፍል ካርድ ላይ ነው። የተፈጠረው ግን 2ኛ ክፍል ሊሆን ይችላል።

መምህሩን መውቀስም አያስኬድም። የአገሪቱ መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ማስረዳቱን ትቶ ጊዜውን ለሁሉም እኩል ቢያካፍል፣ ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። በ48 ሰከንድ ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ልጁ ለምን እንደተሳሳተ ለመስማት ግን አይበቃም።

አስጠኚ የሚያስፈልገው ለዚህ ለቀረው ነገር ነው። አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ 503 ሲቀነስ 278 ተሰጥቷት 375 ብላ ጻፈች እንበል። አንዱ አስጠኚ «ተሳስተሻል» ብሎ ያጠፋውና ትክክለኛውን ይሠራላታል፤ እሷም ትገለብጣለች። ደብተሩ ንጹሕ ይሆናል፣ እናት ደስ ይላታል፣ በነጋታው ትምህርት ቤት ሙሉ ነጥብ ይገኛል። ልጅቷ ግን ፈተና ላይ ያንኑ ስሕተት ትደግመዋለች።

ሌላው አስጠኚ እርሳሱን ሳያነሳ «እንዴት አገኘሽው?» ይላታል።

«ቲቸር፣ ከ3 ላይ 8 አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ8 ላይ 3 ቀነስኩ፣ 5። ከ7 ላይ 0፣ 7። ከ5 ላይ 2፣ 3።»

አሁን በሽታው ታወቀ። ልጅቷ ቀመሩን አልረሳችም፤ ቁጥሩ ከላይም ይሁን ከታች ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰች ነው። አስጠኚው አምስት ባለመቶ ብርና ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። «ይኸውልሽ 503 ብር። በይ 278 ብር ክፈይኝ።» ልጅቷ ብሮቹን ታገላብጣለች። 70 ብሩ ከየት ይመጣል? 8 ብሩስ? ጥቂት ታስብና «ይዘርዘራ!» ትላለች። አንዱ ባለመቶ በዐሥር ባለዐሥር ይዘረዘራል፤ ከእነሱም አንዱ በዐሥር ነጠላ ብር። በእጇ አራት መቶ፣ ዘጠኝ ዐሥር፣ ዐሥራ ሦስት አንድ ብር አለ። 278 ከፍላ 225 ይተርፋታል። የክፍሉ ትምህርት «መበደር» ብሎ የሚያስጨንቃት ነገር ሱቅ ተልካ የምታውቀው «መዘርዘር» ሆኖ አረፈ።

ይህ ከገበያ የተቀዳ ስልት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ በተባለች ከተማ መንገድ ላይ ኮኮናትና ሌላም የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከትሏል። አጥኚዎቹ እንደ ደንበኛ ሆነው ዋጋ ሲያስደምሯቸው ልጆቹ 98 በመቶውን በትክክል መለሱ። ያው ስሌት ያለ ታሪክ በባዶ ቁጥር ወረቀት ላይ ሲቀርብላቸው ግን ውጤታቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ። ከክፍል ውጭ የሚሠራ ጭንቅላት ክፍል ውስጥ የሚጠፋው ለምን እንደሆነ፣ ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ያልሰማ ሰው አያውቅም።

አንድ ለአንድ ማስተማር ምን ያህል እንደሚያስገኝ የትምህርት ተመራማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ተከራክረውበታል። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብቻው አስጠኚ የተመደበለት መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከሚማሩት 98 በመቶውን እንደሚበልጥ ጻፈ። በእኛ የደረጃ አቆጣጠር ከ100 ልጆች 50ኛ ይወጣ የነበረው 2ኛ ወይም 3ኛ ሆነ ማለት ነው። ጽሑፉ የተመሠረተባቸው ጥናቶች ግን ትንንሽና ወደ ሦስት ሳምንት የቆዩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ መቶ የሚጠጉ ሙከራዎችን ደምሮ ያየ ግምገማ የደረሰበት ውጤት ረገብ ያለ ነው፤ በአማካይ 50ኛው ልጅ ወደ 36ኛ ገደማ ከፍ ይላል። ተአምር ባይሆንም፣ በትምህርት ዓለም ከተሞከሩት መንገዶች ይህን ያህል የሚያስገኙ ጥቂት ናቸው። ያው ግምገማ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ መምህራንና ሠልጥነው የገቡ ረዳቶች ያስጠኗቸው ልጆች፣ በጎ ፈቃደኞችና ወላጆች ካስጠኗቸው የበለጠ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ማን እንደሚቀመጥ ለውጥ ያመጣል።

ታዲያ ማን ይቀመጥ? አዲስ አበባ ላይ በሮቹ ብዙ ናቸው። የአራት ኪሎና የአምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ ፍለጋ ያስጠናሉ። አስጠኚ የሚያገናኙ ድርጅቶች አሉ፤ እነሱ ጋ ወላጅ የሚከፍለውና አስጠኚው እጅ የሚገባው ገንዘብ አንድ አይደለም፤ መካከል ላይ ኮሚሽን አለ። በቴሌግራም ገጾች የሚቀርቡም ሞልተዋል። የልጁ የራሱ የክፍል መምህር «ከሰዓት በኋላ እኔ ልያዘው» የሚልበት ጊዜም አለ፤ ይህኛው በጥንቃቄ ይታይ። መምህሩ ልጁን ያውቀዋል፤ ነገር ግን ፈተና የሚያወጣውም የሚያርመውም እሱ ነው፤ ከፍ ያለው ውጤት ከዕውቀት ይምጣ ከሌላ ለመለየት ያስቸግራል። ከሁሉ የሚሻለው ምንጭ ጎረቤት ነው። ለልጇ አስጠኚ የቀጠረችን እናት ቡና ላይ «ምን ለወጠው?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ዲግሪም ብቻውን አያኮራም። ሊፒንግ ማ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ የአሜሪካና የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራን ለአንድ ጥያቄ የሰጡትን መልስ አነጻጸረች፦ አንድ ከሦስት አራተኛ ለግማሽ ሲካፈል ምን ማለት እንደሆነ በታሪክ አስረዱ። ከ23ቱ አሜሪካውያን ትክክለኛ ሐሳብ ያለው ታሪክ ያመጣው አንድ ብቻ ነበር፤ ከ72ቱ ቻይናውያን ግን 65ቱ ተሳካላቸው። ቻይናውያኑ ትምህርት ቤት የቆዩባቸው ዓመታት ከአሜሪካውያኑ ያነሱ ነበሩ።

ይህን ፈተና የኢትዮጵያ ወላጅም ሳሎኑ ውስጥ ሊሰጠው ይችላል። የሒሳብ ሰው መሆን አያስፈልገውም። አስጠኚውን «ግማሽ ለሩብ ሲካፈል ለምን ሁለት ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ሁለተኛውን ገልብጠህ ታባዛለህ» ካለ ደንቡን ያውቃል። ግማሽ እንጀራ አንስቶ «በዚህ ውስጥ ስንት ሩብ አለ?» ካለ ግን ልጅ ማስተማር ያውቃል።

እንጀራው ለሌላም ይጠቅማል። ልጆች 1/2 ሲደመር 1/3 ሲባሉ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ። ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ እንዴት ይሆናል? ሲሶ፣ ሩብ፣ እኩሌታ የሚሉት ቃላት ከአራሹና ከባለመሬቱ ዘመን ጀምሮ በአማርኛ ውስጥ የኖሩ የክፍልፋይ ቃላት ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስበው የቋንቋ ጣጣ አለ። በበርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብ ከታች ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በአማርኛ የሚማሩትም 7ኛ ክፍል ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ልጁ የተሳነው ስሌቱ ይሁን የጥያቄው ቋንቋ ማጣራት የአስጠኚው የመጀመሪያ ሥራ ነው። ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ አንብቦለት ልጁ ከሠራው፣ ችግሩ ሒሳብ አልነበረም።

የቤት ሥራ ወጥመድም አለ። አስጠኚው በገባ ቁጥር የዕለቱን የቤት ሥራ አሠርቶ ከወጣ ወላጅ የከፈለው ለንጹሕ ደብተር ነው። ጥሩ አስጠኚ በመጀመሪያው ቀን ከልጁ ክፍል አንድና ሁለት ዓመት ዝቅ ያሉ ጥያቄዎችን ይሰጠውና ልጁ የት ላይ እንደሚቆም ያያል። ጃፓናዊው የሒሳብ መምህር ቶሩ ኩሞን እ.ኤ.አ. በ1954 ለ2ኛ ክፍል ልጁ መልመጃ መጻፍ ጀመረ፤ በስሙ የተከፈቱት ማዕከላትም ዛሬ ልጁን በቀላሉ ከሚሠራው ላይ ያስጀምሩታል። የ4ኛ ክፍል ልጅ የ2ኛ ክፍል ጥያቄ ሲሰጠው የሚቆጣ ወላጅ ካለ፣ ገንዘቡን ራሱ ያባክናል።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ለ8 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከማስቀመጥ፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ወይም 45 ደቂቃ ይሻላል። ጥናቱ ሳሎን ውስጥ፣ በር ሳይዘጋ፣ አዋቂ ሰው ቤት ባለበት ይሁን። የመታወቂያ ቅጂና ቀደም ሲል ያስጠናቸው ሁለት ቤተሰቦች ስልክ መቀበል ነውር የለውም፤ ቁም ነገረኛ አስጠኚ ራሱ ያቀርባል። ክፍያው በሰዓት ነው በወር? አስጠኚው የቀረበት ቀን ይካካሳል? የድርጅቱን ኮሚሽን ማን ይከፍላል? ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ይነገር። ከዚያም ወላጅ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ልጁ ባለፈው ያልቻለውን፣ ዛሬ ግን ብቻውን የሚችለውን ነገር ያሳየው።

አቅም ያነሰውስ? ሦስት ጎረቤታሞች ተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉ ልጆቻቸውን አንድ ላይ አድርገው ክፍያውን ቢጋሩ፣ ከ50 ልጅ ክፍል ጋር የማይወዳደር ትኩረት ይገኛል። ስልክም ይሠራል። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦትስዋና ውስጥ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቤተሰቦች በየሳምንቱ አጭር የሒሳብ መልእክት ይላክላቸው ነበር፤ ለከፊሎቹ ደግሞ አስተማሪ ወደ 20 ደቂቃ ይደውልላቸው ነበር። ስማርት ስልክም ኢንተርኔትም አላስፈለገም። በስልክ የተነጋገሩት ልጆች ተሻሻሉ፤ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን እምብዛም አልተጠቀሙም። ሙከራው ኋላ ኬንያንና ኡጋንዳን ጨምሮ በአምስት አገሮች ተደግሟል። ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአክስት ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ የአስጠኚ ፍለጋው የሚጦፈው የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ አስጠኚ የሚያደርሰው ያለፉ ፈተናዎችን ማሠራት ብቻ ነው፤ የ2ኛ ክፍልን ቀዳዳ ለመድፈን ጊዜ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ግን የቤት ሥራ የለም፣ ፈተና የለም፣ ልጁም ቤት ነው። ካርዱ ላይ ሒሳብ ዝቅ ብሎ ያየ ወላጅ መስከረምን ሳይጠብቅ በክረምቱ መጀመሪያ ይደውል።