ቤትን ለበረዶ ወራት ማዘጋጀት፦ ቧንቧው ለምን ይፈነዳል? ሰውስ ለምን ይታፈናል?



በአገራችን «ክረምት» ስንል ዝናቡን ማለታችን ነው። የዛሬው ርእሴ ግን ውኃ በረዶ የሚሆንበት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን በየዓመቱ የሚያሳልፉት ክረምት ነው። ለማሳያነት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት የደረሰውን እንውሰድ። ለብርቱ ቅዝቃዜ ባልተዘጋጀችው ግዛት ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጡ፤ በየቤቱ ቧንቧዎች ፈነዱ፤ በግዛቲቱ መንግሥት ቆጠራ መሠረት 246 ሰዎች ሞቱ።

በመጀመሪያ ቧንቧውን እንመልከት። ውኃ በረዶ ሲሆን ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ ሰው ቧንቧው የሚሰነጠቀው በረዶው ጎኑን ስለሚገፋው ይመስለዋል። በአብዛኛው ግን በረዶው እንደ ውታፍ ሆኖ መስመሩን ይዘጋል፤ እያደገ በሄደ መጠንም በእርሱና በተዘጋው መክፈቻ መካከል የታሰረውን ውኃ ይጨምቃል። ግፊቱ ከአቅም በላይ ሲሆን ደካማው ቦታ ይፈነዳል። በብርዱ ሌሊት መክፈቻውን ጥቂት ላላ አድርጎ ውኃውን ማንጠባጠብ የሚመከረውም ለዚህ ግፊት መውጫ ለመስጠት ነው።

ቧንቧን መጠቅለልም ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ መጠቅለያው ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አዲስ ሙቀት አይፈጥርም። ማሞቂያው ለረጅም ጊዜ ከቆመ የሚያዋጣው ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዘግቶ፣ መክፈቻዎቹን ከፍቶ፣ መስመሩን ባዶ ማድረግ ነው። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማሞቂያ ነው። የፈነዳ ቧንቧ ይጠገናል፤ የታፈነ ሰው ግን ላይመለስ ይችላል። በቴክሳስ መብራት ሲጠፋ አንዳንዶች ከሰል በቤት ውስጥ አቀጣጠሉ፤ ሌሎች በጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር አስነሥተው ሊሞቁ ሞከሩ። በዚህ መንገድ በካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችንም ነበሩበት።

ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሆነ፣ ደሙ ኦክስጅን ማድረሱን ያቆማል። ራስ ምታትና ማጥወልወል ሲጀምር ብዙዎች ድካም ወይም ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ከሰል የሚጨስበት ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንፋስ የሚያስገቡ በሮችና ስንጥቆች ባሉት ቤት የለመድነው ልማድ፣ ሙቀት እንዳያመልጥ ተብሎ በተደፈነ ቤት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። እንግዲህ የጋዝ ማሞቂያውና የጭስ ማውጫው ከብርዱ በፊት በባለሙያ ይመርመር፤ በመኝታ ክፍል አጠገብ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል፤ ጄኔሬተርም ሆነ ከሰል ከቤት ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይሁን። በውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ብርዱ ሳይገባ ንገሯቸው።